ማሽን ይዤ ወደ ሶዶ

ሃላሌ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወላይታ ሶዶ ወጥተው ወደ ኦሞ ወንዝ አቅጣጫ ሲሄዱ ያገኟታል፤ ከወንዙ ማዶ ዳውሮ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች፣ ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቶቹና ገበያው ያሉባት፣ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ትንንሽ ሱቆች የተደረደሩባት ከተማ ናት። ከሱቆቹ አንዱ የእኔ ነው። ፎቶኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ በኮምፒዩተር እጽፋለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። በግራዬ ልብስ ሰፊ አለ። በቀኜ ሻይና ቦምቦሊኖ የምትሸጥ እናት አለች። ፊት ለፊቴ ያለው ሞባይል ጠጋኝ ነው።

ስለ ንግድ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ መነሻ ካፒታል ነው። ሥልጠናውም፣ ስብሰባውም፣ የብድር ቅጹም ካፒታል ካፒታል ይላል። ካፒታል ያስፈልጋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ትንሽ ሱቅ በባለቤቱ ገንዘብ ብቻ ቆሞ አይቼ አላውቅም። ጎረቤት ሱቆች፣ ከገጠር የሚመጣው ገበያተኛ፣ የመኪናው ረዳት፣ የደመወዝተኛው ኪስ ይዘውት ነው የሚቆመው። በ2017 ዓ.ም. መባቻ የፎቶኮፒ ማሽኔ ተበላሽቶ የደረሰብኝን የምተርከው ለዚህ ነው። ወሬዬ ወዲያና ወዲህ ቢል አንባቢ ይታገሠኝ።

ከዚያ በፊት የነበረው ክረምት ከባድ ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን ጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። መጀመሪያ በናዳው የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ብዙ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ነው የሞቱት። ወሬው ሃላሌ ሲደርስ ገበያው ሁሉ ለቅሶ ቤት ሆነ። የእኛም አገር ተራራና ገደል ነው፤ የእኛም ሰው በዳገት ላይ ነው የሚያርሰው። ዕድሮቹና ቤተ ክርስቲያኖቹ መዋጮ ሲሰበስቡ የስም ዝርዝሩን የማባዛው እኔ ነበርኩ፤ ለዚያ ሥራ ሳንቲም አልተቀበልኩም። ሻይ ሻጯ ጎረቤቴ የዕለት ሽያጯን ቆጥራ እንዳለ ሰጠች። ልብስ ሰፊው ከቤቱ ብርድ ልብስ አመጣ።

በሳምንቱ ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። በ57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሃላሌ ውስጥ ዶላር የሚይዝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ቶነሩ፣ ድራሙ፣ የላሚኔሽን ላስቲኩ፣ ከወረቀቱም አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። የእኔ ሱቅ ከሶዶ፣ ሶዶ ከመርካቶ፣ መርካቶ ከጅቡቲ ጋር በአንድ ገመድ የታሰርን ነን። ሶዶ ላለው አከፋፋዬ ደውዬ የአንድ ደስታ ወረቀት ዋጋ ስጠይቀው፣ «ወንድሜ፣ የዛሬ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው» አለኝ። እኔስ ታዲያ ምን ላድርግ? የአንድ ገጽ ኮፒ ዋጋ ብጨምር መጀመሪያ የሚጎዳው ተማሪ ነው። ለተማሪ በነበረው ተውኩት፤ ለሌላው ጨመርኩ። ዛሬም ቢሆን ትክክል ነበር እላለሁ።

በጳጉሜን ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ወጣ። በአገር አቀፍ ደረጃ የማለፊያ ነጥብ ያመጡት ከተፈተኑት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ሱቄ በር ላይ ተሰልፈው በኮምፒዩተሬ ውጤታቸውን ያዩ ነበር። ኔትወርክ ሲመጣ አንዱ ያያል፤ ሲጠፋ ሁሉም ይጠብቃል። ውጤቱን አይቶ ምንም ሳይናገር እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ ልጅ ሲያጋጥመኝ «ግድ የለም፣ ሂድ» እለው ነበር። ከሱቄ ሲወጡ ሻይ ሻጯ አንድ በአንድ እየጠራች ታስቀምጣቸዋለች። «ልጄ፣ ተቀመጥ። መጀመሪያ ሻይህን ጠጣ፤ ቤት በኋላ ትሄዳለህ» ትላለች። ስለዚህች ሴት ብዙ መጻፍ እችላለሁ።

ማሽኑ የቆመው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የ9ኛ ክፍል ምዝገባ በተጀመረበት ሰሞን ነው። መጀመሪያ በየገጹ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ማውጣት ጀመረ፤ ድራሙ ማለቁ ነው። እሱን እንኳ ችዬ ልሠራበት እችል ነበር። አንድ ከሰዓት መብራት ሄደ። ሲመለስ በኃይል ተመለሰ። ከማሽኑ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸና ሽታው ሱቁን ሞላው። ስታቢላይዘር ነበረኝ፤ እሱም አብሮ ተቃጠለ። ሞባይል ጠጋኙ ሁለት ቻርጀሮች ሄዱበት፤ የፀጉር አስተካካዩ መላጫ ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ግልገል ጊቤ ሦስት የተገነባው በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ እዚሁ ኦሞ ላይ ነው። 243 ሜትር ከፍታ፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በግድቡ እኮራለሁ፤ ያላየ ሰው ሁሉ ሄዶ ቢያየው እወዳለሁ። ነገር ግን ከግድብ የሚወጣ ኃይል ሱቅ የሚደርሰው በምሰሶ፣ በሽቦና በትራንስፎርመር ነው፤ ከነዚህ አንዱ ሲያረጅ የሚቃጠለው የልብስ ሰፊ ካውያና የእኔ ማሽን ነው። ለትንሽ ከተማ ሱቅ ከማንኛውም ሥልጠናና ብድር በፊት የሚያስፈልገው መጠኑ የማይዋዥቅ መብራት ነው። ሰባኪ ሆኜ አይደለም፤ ወረቀት ይዘው በር ላይ የቆሙ ልጆችን አይቼ ነው።

በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ማሽን የሚጠግን ሰው አልነበረም። ሶዶ መውሰድ ግድ ሆነ። ሙዝ የጫነ አይሱዙ ተገኘ። ማሽኑን ከሱቁ ያወጣነው በአራት ሰው ነው፤ ልብስ ሰፊው ትልቅ ላስቲክ አምጥቶ ጠቀለለው፣ ከሥሩ የተረፈ ጨርቅ አነጠፈለት። ሞባይል ጠጋኙ በገመድ አሰረው። ሻይ ሻጯ ቦምቦሊኖ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ሱቁን ለልብስ ሰፊው አስረክቤ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ከተማዋን እንደወጣን ዝናቡ ያዘን። የመስከረም መጀመሪያ ዝናብ አንዳንዴ ከነሐሴው ይብሳል። አንድ ዳገት ላይ መኪናው የኋላ ጎማው ሰጠመ። ሾፌሩ ሲያስገሰግሰው የባሰ ወረደ። ረዳቱ ቅጠል ቆርጦ ከጎማው ሥር አስገባ፣ ድንጋይ ጨመረ፣ እኔም ከኋላ ገፋሁ። አልሆነም። በመጨረሻ ሾፌሩ ጭነቱ ካልቀለለ እንደማይወጣ ነገረን። ሙዙ በመንገዱ ዳር ወረደ፤ ማሽኑስ? ዝናብ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። በአቅራቢያው ካለ ቤት አንድ አዛውንት ገበሬ ወጥተው አዩን፤ ልጆቻቸውን ጠርተው ማሽኑን በሳንቃ ላይ አድርገው ተሸክመው ወደ ቤታቸው አስገቡት። ሲመሽ እኛንም አስገቡን።

በእንሰት የተከበበ የወላይታ ሣር ቤት ነበር፤ ከብቶቹ በአንድ ጎን፣ እሳቱ በመሐል። ቆጮ በዳጣ ቀረበልን። አባወራው ማሽኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና፣ «ይሄ የሃላሌው ነው እንዴ?» አሉኝ። አዎን ስላቸው ሳቁ። «አውቀዋለሁ! የመሬት ክርክር የነበረኝ ጊዜ የይዞታ ደብተሬን ያባዛሁት በዚህ ነው። ያን ቀን መብራት አልነበረም። እስኪመጣ አጠገብህ ያለችው ሴትዮ ዘንድ ሻይ ጠጣሁ፤ ኮቴን ለሰፊው ሰጥቼ አስጠገንኩ፤ ጨውና ሳሙና ገዛሁ። ማታ ነው አገሬ የገባሁት» አሉኝ።

ይህ ንግግር ከዚያ ጉዞ ሁሉ ይበልጥ ይዞኛል። አንድ ሰው ለሁለት ገጽ ኮፒ መጣ፤ ኮፒው ለእኔ ያስገባልኝ ጥቂት ብር ነው። ነገር ግን በዚያ ሰው መምጣት ሻይ ተሸጠ፣ ኮት ተሰፋ፣ ጨውና ሳሙና ወጣ። ማሽኔ ቆሞ ያ ሰው ሶዶ ቢሄድ ኖሮ ሻዩንም ሶዶ ይጠጣል፣ ኮቱንም እዚያ ያሰፋል። የመሐል ከተማ ንግድ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንዱ ሱቅ ሲዘጋ የቀሩት ተፎካካሪ ቀነሰ ብለው ደስ ሊላቸው አይገባም፤ ወደ መንገዱ የሚመጣው ሰው ነው የቀነሰው።

ነገሩ ወደ ገበሬውም ይዘልቃል። በ2004 ዓ.ም. ግድም ዝንጅብልን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ ሲነሣ በቦሎሶ በኩል ያለው ገበሬ በአንድ ወቅት ማሳው ባዶ ቀርቷል። ዝንጅብል ጥሬ ገንዘብ የሚያመጣለት ሰብል ነበር። ገበሬው ሲከስር የጨርቅ ነጋዴውም፣ የቆርቆሮ ነጋዴውም አብረው ከሰሩ። የከተማ ሰው ስለ ሰብል በሽታ የሚወራውን የግብርና ዜና ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ሰው በገመድ ጎትቶ መኪናውን አወጣው። ሙዙ ተመልሶ ተጫነ፤ ማሽኑም። አባወራው ገንዘብ አልቀበል አሉኝ። «ስትመለስ ለልጄ ሰርተፊኬት ታባዛለህ» አሉ። አባዝቻለሁ።

ሶዶ የገባነው እኩለ ቀን ግድም ነው። ዳሞታ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ነበር። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ ሰዉ በዝቷል፣ ኪራይ ጨምሯል፣ ባጃጁ መንገዱን ሞልቶታል። ጠጋኙ ከዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ጥገና የጀመረ ወጣት ነው። ማሽኑን ፈታታውና አንድ በአንድ አሳየኝ፤ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል፣ ድራሙ አልቋል። ፓወር ሰፕላዩን እዚያው ሊሠራው ይችላል። ድራሙ ግን ከአዲስ አበባ መርካቶ መምጣት አለበት፤ ዋጋውም ከክረምቱ በፊት ከነበረው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ያን ያህል ገንዘብ አልያዝኩም። ብድር ተቋም ልሂድ ብል ቅጽ አለ፣ ዋስ አለ፣ ቀጠሮ አለ፤ የልጆቹ ምዝገባ ደግሞ ቀን አለው። እኛ የመንገዱ ነጋዴዎች ዕቁብ አለን። ያ ሳምንት ዕጣው የወጣው ለሞባይል ጠጋኙ ነበር። ደውዬ ችግሬን ስነግረው፣ «ጋሼ፣ የእኔን ውሰደው። የአንተ ሲደርስ እኔ እወስዳለሁ» አለኝና ወዲያው በቴሌብር ላከልኝ። እሱ ራሱ የመለዋወጫ ዕቃ ሊገዛበት የጠበቀው ገንዘብ ነው። ዕቁብን የማስመዝገቢያ ወረቀት የለውም ብሎ የሚንቅ ሰው ካለ ያን ዕለት አጠገቤ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ድራሙ ታዘዘ። እስኪመጣ ሶዶ ተቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ ነው ልብስ ሰፊው ደውሎ፣ «ልጆቹ ሱቅህ በር ላይ ናቸው። ለኮፒ ብለው ሶዶ ድረስ ይጓዙ እንዴ? አንተ እዚያ አይደለህም?» ያለኝ። የተረፈ የካኪ ጨርቅ ሰፍቶ ቦርሳ ሠራ፣ ለምዝገባው የሚያስፈልገውን የየልጁን ሰርተፊኬት በቀይ ክር አስሮ ስሙን ጻፈበት፣ ቦርሳውን ሶዶ ለሚሄድ ዶልፊን ረዳት አደራ ሰጠ። እኔ ከምናኸሪያ ተቀብዬ፣ አባዝቼ፣ በማግስቱ መኪና ልመልስ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር።

ዶልፊኑ ግን መንገድ ላይ ተበላሸ። ተሳፋሪዎቹ ወደ ሌላ መኪና ተዛወሩ፤ ቦርሳውም አብሮ ተዛወረ። የመጀመሪያው ረዳት ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ዝግ ነው። እኔ ምናኸሪያ ቆሜ ከሃላሌ በኩል የሚመጣን መኪና ሁሉ እጠይቃለሁ፤ ያየ የለም። መሸ። የመጨረሻው መኪናም ገባ።

ያቺን ሌሊት አልተኛሁም። ኮፒ ቢጠፋ ሌላ ይነሣል፤ በዚያ ቦርሳ ውስጥ ያለው ግን ማኅተምና ፎቶግራፍ ያለበት ዋናው ሰርተፊኬት ነው። ምትክ ለማውጣት ማመልከቻ፣ ምልልስ፣ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ለአንዱም አቅም የላቸውም። አንድ ዓመት የሚቀር ልጅ አለ። ቀርቶ የጫማ መጥረጊያ ሣጥን ይዞ አዲስ አበባ የሚገባ አለ። ከወላይታ ስንት ልጅ እንዲህ ሄዷል! ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ ደግሞ ወንጂና መተሐራ አገዳ ሊቆርጥ፣ አዋሽ ጥጥ ሊለቅም ሄዷል። ሠርቶ የሚበላ ሰው ክብር አለው፤ ወደ ከተማ የሄዱት ወንድሞቼ ቤተሰብ ያቆሙ ሰዎች ናቸው። ሆኖም አንድ ልጅ የሚሄደው ወረቀቱ ስለጠፋ መሆን የለበትም።

ሲነጋ ምናኸሪያ ተመለስኩ። ተራ አስከባሪዎቹን አስቸገርኳቸው። እነሱም ለየሾፌሩ፣ ለየረዳቱ ጠየቁልኝ። አንድ ትንሽ ሊስትሮ ወሬውን ሰምቶ ቀረበኝና፣ «ጋሼ፣ ካኪ ቦርሳ ነው? በቆሎ የምትጠብሰዋ እናት ጋ አይቻለሁ» አለኝ። ሮጥን። ከመውጫው በር አጠገብ እሳቷን እያራገበች ነበር።

ቦርሳውን ዝም ብላ አልሰጠችኝም። «የማን ነው?» አለች። የሃላሌ ተማሪዎች ነው አልኳት። «ውስጡ ምንድን ነው? ማሰሪያው ምን ዓይነት ነው?» ሰርተፊኬት፣ በቀይ ክር የታሰረ አልኳት። አንዱን አውጥታ ፊቷ ይዛ «የዚህ ልጅ ስም ማን ነው? ስልክ ደውልና አጣራ» አለች። ልብስ ሰፊው በስልክ ስሙን ተናገረ፤ ማንበብ ስለማትችል ሊስትሮውን አስነበበችው። ስሙ ሲገጥም ነው ያስረከበችኝ። ሁለተኛው ረዳት እኔን ፈልጎ ሲያጣ የአርባ ምንጭ ተራ ደርሶት ለእርሷ አደራ ሰጥቶ ሄዶ ነበር። ቤቷ ወስዳ አሳድራው፣ በጠዋት ይዛው መጥታለች። «ማኅተም ያለበት ወረቀት አይጣልም፤ የሰው ልጅ ዕድል ነው» አለችኝ። ገንዘብ ስዘረጋላት «ለአደራ ይከፈላል እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ለሊስትሮውና ለእኔ በቆሎ ገዛሁ፤ የበቆሎውን ዋጋ ተቀበለች።

እንደ እኔ በጎዳና ዳር ፎቶኮፒ ቤት ያለው አንድ የሶዶ ሰው ማሽኑን ለቀቀልኝ። «የወረቀቱንና የቶነሩን ብቻ ክፈለኝ» አለ። ሰርተፊኬቶቹ ተባዝተው ከሰዓቱ መኪና ወደ ሃላሌ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ከረዳቱ ስልክና ከታርጋ ቁጥሩ ጋር።

ድራሙን ስጠብቅ አንድ ቀን በሶዶ ስታዲየም በኩል አለፍኩ። ወላይታ ድቻ መጋቢት 2010 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ዛማሌክን በመለያ ምት ከኮንፌዴሬሽን ካፕ ያሰናበተበትን ምሽት የማያስታውስ የወላይታ ሰው የለም። ያኔ የሜዳ ጨዋታ ሲኖር ከየወረዳው ሰው ወደ ሶዶ ይጎርፍ ነበር፤ ቆሎ ሻጩ፣ ምግብ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ፣ የማልያ ነጋዴው ሁሉ ከጨዋታው ይበላ ነበር። ከ2013 የውድድር ዓመት ወዲህ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተካሄዱ ነው። ለቴሌቪዥን ሥርጭት ምቹ መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም ክለብ ለከተማው ገበያ ነው። ጨዋታው ወደ ሜዳው እንዲመለስ የሚጠይቅ ደጋፊ ስለ ኳስ ብቻ እየጠየቀ አይደለም፤ እኔም ከጠያቂዎቹ ነኝ።

በሶዶ የኮሪደር ልማት ሥራም ተጀምሯል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የመንገድ መብራት፣ አረንጓዴ ቦታ መልካም ነው፤ ሰው በእግሩ የሚዝናናበት መንገድ ለሱቅ ይጠቅማል። የምለምነው አንድ ነገር ነው። መንገዱ ሲሰፋ በመንገዱ ዳር የነበረው ልብስ ሰፊ፣ በቆሎ ጠባሽና ሊስትሮ በአዲሱ ዕቅድ ላይ ቦታቸው ይሣል። የልጆቻችንን ሰርተፊኬት ያዳኑት እነሱ ናቸው።

ማሽኑ ተሠርቶ ሃላሌ የገባሁት ጊፋታ ሲቃረብ ነው። የወላይታ ሰው ለዘመን መለወጫው ዓመቱን ሙሉ ይዘጋጃል፤ ወንዱ ለበሬ ይቆጥባል፣ ሴቷ ቅቤ ታጠራቅማለች። ከአዲስ አበባ፣ ከአዋሽ፣ ከየአገሩ የሄደው ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ልብስ ሰፊው ሌሊት ሲሰፋ ያድራል። የሻይ ቤቱ አግዳሚ አይበቃም። እኔም ዘንድ ፎቶግራፍ የሚያሳጥብ፣ ላሚኔት የሚያስደርግ፣ ለታናሽ ወንድሙ ደብተር የሚገዛ ይበዛል። «ዮዮ ጊፋታ!» እየተባለ መንገዱ ሲሞላ ከተማችን ምን ያህል ገንዘብ ልታንቀሳቅስ እንደምትችል ይታያል። ያ ገንዘብ ከውጭ የመጣ አይደለም። የራሳችን ሰው በላቡ ያጠራቀመው ነው፤ በዚያ ሳምንት ልዩ የሚያደርገው እዚሁ መዋሉ ብቻ ነው።

ከበዓሉ በኋላ ነው ወደ ዱቤ መዝገቡ የተመለስኩት። ይህን ክፍል ሳልጽፍ ብቀር ወሬዬ ጎደሎ ይሆናል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በወላይታና በአካባቢው የመምህራንና የሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ ለወራት እየዘገየ እንደነበር በአገር አቀፍ ዜና ሳይቀር ተዘግቧል። ደመወዝ ሲዘገይ መምህሩ ምን በላ? ከሱቅ በዱቤ ወስዶ ነው የበላው። ሱቁ ዱቄትና ዘይት፣ እኔ ደብተርና ኮፒ፣ ሻይ ሻጯ ሻይ፣ ሁላችንም በየመዝገባችን ጻፍን። መምህሩ እንዳይሄድብን፣ ልጆቻችን እንዳይበተኑ ብለን ነው። ይህን ሸክም የተሸከሙት ትላልቅ ባንኮች አይደሉም፤ አንድ በር ያላቸው ሱቆች ናቸው። ከእነሱም አንዳንዶቹ መዝገባቸው ሲሞላ መደርደሪያቸው ባዶ ሆኖ ዘጉ።

አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ የስብሰባ ሰነድ በብዛት አስባዝቶ «በጀት ሲለቀቅ» ብሎኝ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘጋ። ሂሳቡ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ፤ በሚቀጥለውም የማውቃቸው ሰዎች ተዛውረው ነበር። በዚያው ጊዜ ሰፋ ያለው ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ እየተባለ ከሶዶና ከዚያም ርቆ ይፈጸማል። ሕጉ ለምን እንደወጣ አውቃለሁ፤ የመንግሥት ገንዘብ መጠበቅ አለበት። ነገር ግን በሕጉም ውስጥ ቢሆን ለትንንሽ ግዥ የሚሆን መንገድ አለ። ለአንድ ካርቶን ወረቀት መኪና ነዳጅ ተሞልቶ ሶዶ ሲሄድ፣ ነዳጁና አበሉ ተደምሮ ወረቀቱ ከእኔ ሱቅ የሚረክስበት ሂሳብ አይገባኝም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ደመወዝተኞች፣ ደመወዝ ሲገባ መጀመሪያ የሰፈራችሁን ሱቅ ዱቤ ዝጉ። በሃላሌ፣ በጌሱባ፣ በበሌ፣ በቦዲቲ የምትኖሩ፣ በከተማችሁ የሚገኘውን ዕቃ ከከተማችሁ ግዙ፤ የሌለውን ደግሞ ባለሱቁን እንዲያመጣላችሁ ጠይቁት፣ ያመጣል። ከአገር ርቃችሁ ያላችሁ ወገኖች፣ ለጊፋታ ስትመጡ በሬውን ብቻ ሳይሆን ልብሱንም እዚህ አሰፉ። የግዥና የፋይናንስ ኃላፊዎች ሆይ፣ ከትንሽ ሱቅ የወሰዳችሁትን ሥራ ሂሳብ በወሩ ክፈሉ። የእኔ መዝገብ ላይ ያለው አሁንም አልተከፈለም።